በጆሮ የሚነበብ ኩሽኔታ

አባቴ ኩሽኔታ ሲመርጥ ዓይኑን ይጨፍን ነበር።

ሱቁ ጎንደር ውስጥ፣ ከቅዳሜ ገበያ ወደ አዲስ ዓለም በሚወስደው መንገድ ዳር ያለች ጠባብ ክፍል ነበረች። ከኮሶዬ የወፍጮ፣ ከአዘዞ የፈረስ ጋሪ፣ ከከተማው የብስክሌት ኩሽኔታ ይመጣለታል። በነጭ ጋዝ ያጥበዋል፤ በጨርቅ ያደርቀዋል፤ ከዚያ የውስጡን ቀለበት በጣቱ ሰክቶ የውጭውን ያሽከረክርና ወደ ጆሮው ያስጠጋዋል። እኔ ከጎኑ የተደፋ የዘይት ጣሳ ላይ ተቀምጬ ፊቱን አያለሁ። ግንባሩ ከተሸበሸበ ኩሽኔታው አልቋል ማለት ነው።

«ምን አለህ?» እለዋለሁ።

«አሸዋ ገብቶብኛል አለኝ።»

«ይኸኛውስ?»

«ይኸኛው ዝም ብሏል። ዝም ካለ ደኅና ነው።»

ቀጥሎ በእኔ ጆሮ ላይ ያሽከረክርልኛል። ያረጀው እንደ ቆርቆሮ ላይ ዝናብ ያንሿሿል። ደኅናው ከሩቅ የሚመጣ ትንፋሽ ብቻ ይመስላል። ከብረቱ ውስጥ ማለቂያ የሌለው ክብ መንገድ እንዳለ፣ በውስጡ የሚሽከረከሩት ትንንሽ የብረት ኳሶች ደግሞ ነጭ ለብሰው የሚዞሩ ሐጃጆች እንደሆኑ አስብ ነበር። ዘይት የምናጠጣቸው መንገድ ላይ እንዳይጠማቸው ነው ብዬም ለታናሽ ወንድሜ ለኢምራን አስረድቼዋለሁ። አምኖኝ ነበር።

ኮሶዬ ላይ ወፍጮ ያለው አያ ዳኛው የሚባል ደንበኛ ነበረን። ቅዳሜ ቅዳሜ ለገበያ ሲወርድ ሱቁ ሳይገባ አይሄድም። አባቴ ዓይኑን ሲጨፍን ባየ ቁጥር ይስቃል።

«ሰው በዓይኑ ያነባል፤ ሷሊሕ በጆሮው ያነባል» ይል ነበር። «አሁን ምን ይነበባል?»

«ዳኛው ወፍጮውን ግራሶ አልቀባም ይላል።»

«ውሸታም ኩሽኔታ ነው።»

እኔ ይህን እንደ ሙገሳ ነበር የምሰማው። በጆሮ ማንበብ ከሁሉም የበለጠ ማንበብ ይመስለኝ ነበር።

በ1985 ዓ.ም. ሰኔ ላይ፣ ስምንት ዓመቴ ሳለ፣ ከሐጅ የተመለሱ ሰዎች አንድ ካርቶን ይዘውልን መጡ። የላከው ጅዳ ውስጥ ለአንድ ሀብታም ቤት በሾፌርነት የሚሠራው የእናቴ ወንድም ዐብዱልከሪም ነው። ካርቶኑ ውስጥ የአሠሪው ልጅ የሰለቸችው በሪሞት የምትሄድ ቀይ ማኪና ነበረች። በስም የኢምራን ናት። ክንዴን ታህላለች። እንደ ገበያው አሻንጉሊት ላስቲክ ብቻ አይደለችም፤ ሞላ አላት፤ ዘንግ አላት፤ ጎማዋ እውነተኛ ጎማ ነው። የባትሪ ድንጋይ ስምንት ትበላለች። ግቢያችን ሲሚንቶ ላይ ስትለቀቅ ዶሮዎቹ አጥር ላይ ወጡ።

አባቴ ግን የሚያየው ሩጫዋን አልነበረም። ገልብጦ ጎማዋን በጣቱ አዞረና ጆሮውን አስጠጋ።

«ኩሽኔታ አላት» አለ፤ ድምፁ ዝግ ብሎ።

በካቻቢቴ ፈትቶ ከጎማዋ መሃል አንዲት ቀለበት አወጣ። የትንሿን ጣቴን ጥፍር ታህል ነበር። የጋሪና የወፍጮ ብረት ብቻ ያገላበጠ ሰው እንዲህ ያለ አይቶ አያውቅም፤ መዳፉ ላይ አስቀምጦ እንደ ጫጩት ከነፋስ ከለላት።

«ይቺ ግራሶ አትችልም» አለኝ። «ግራሶ ለትልቅ ነው። ይቺ ላይ ከተቀባ ትተኛለች። ስስ ዘይት፤ እሱም አንዲት ጠብታ።»

እናቴ ለይላ ልብስ ሰፊ ነበረች። የስፌት መኪናዋ ዘይት ቀጭን አፍንጫ ባለው ትንሽ ዕቃ ውስጥ ነበር። አባቴ በመርፌ ጫፍ አንዲት ጠብታ ወስዶ ቀለበቷ ላይ አሳረፈ፤ ማኪናዋም ያን ቀን ባዶ አየር ላይ የምትሄድ መሰለች። ዛሬም ያቺን ማኪና ሳስብ ድምፅ የላትም። ሕልም ውስጥ እንዳለ ነገር ዝም ብላ ትሄዳለች።

ክረምቱ ገባ። ኢምራን በጎርፍ ውስጥ ነዳትና ሳይነግረን ከነጭቃዋ አልጋ ሥር ደበቃት። በሳምንቱ ስትወጣ ጮኸች። አባቴ ፈታትና ቀለበቶቹን ደረደራቸው፤ አራቱም ዝገዋል። ነጭ ጋዝ ውስጥ ሁለት ቀን ቢያሳድራቸውም አልተመለሱም።

«እነዚህ ብረት ክዳን ነው ያላቸው» አለ። «ብረት ክዳን ቀላል ነው፤ ግን ውሃና አቧራ ያሳልፋል። ለእኛ አገር ጎማ ክዳን ነው የሚሻለው። ትንሽ ይከብዳል እንጂ አያስገባም። ዐብዱልከሪም ይልካል። ቁጥሯ እዚሁ ተቀርጾባታል።»

እናቴ ከስፌቷ ቀና አለች።

«ቁጥሩን ማን ያነባል?»

«ፈህሚያ ታነባለች።»

እኔ ነኝ። ያን ጊዜ ቁርአን ቤት ከገባሁ ሁለት ዓመቴ ነበር። እናቴ ከረመዳን ጀምራ በመስከረም የመንግሥት ትምህርት ቤት ልትመዘገብ ይገባል ትል ነበር፤ አባቴ ደግሞ ታነባለች፣ ትቆጥራለች፣ ከዚህ በላይ ምን ትማር ይላል። እኔ በልቤ ከአባቴ ጋር ነበርኩ። ትምህርት ቤት ማለት ለእኔ ከዘይት ጣሳዬ ላይ መነሣት ነበር።

«እንግዲያ እንዋዋል» አለች እናቴ። «ታነባለች ካልክ ታንብብ። ካነበበችው ስለ ትምህርት ቤቱ ሁለተኛ አፌን አልከፍትም። ካቃታት ግን በመስከረም ትመዘገባለች።»

«ይሁን» አለ አባቴ፤ ወደ እኔ ዞሮም ጠቀሰኝ።

ከጅዳ የስልክ ቀጠሮ መጣ፤ ረቡዕ በአራት ሰዓት ቴሌ ተገኙ የሚል ወረቀት። ሦስታችንም ሄድን። እናቴ አዲሱን ሻርፕዋን ለብሳለች። አግዳሚ ወንበሩ ላይ ሰው ሁሉ ከሩቅ አገር ሰው ሊሰማ ጆሮውን አዘጋጅቶ ተቀምጧል፤ አባቴ ሲሠራ የነበረውን ሁሉም ሰው የሚሠራ መሰለኝ። ሴትየዋ «ጅዳ፣ ሷሊሕ፣ ሣጥን ሁለት» ብላ ስትጣራ እኔና አባቴ ሮጠን ገባን። ሣጥኑ ውስጥ የሌሎች ሰዎች ትንፋሽ ይሸታል። የአጎቴ ድምፅ ከጉድጓድ እንደሚመጣ ነበር።

አባቴ ሰላምታውን ጨርሶ ቀለበቷን መዳፌ ላይ አስቀመጠ።

«አንብቢ።»

ወደ መስታወቱ ብርሃን አዞርኳት። ሦስት ምልክቶች አሉ። ሁለቱ ቀጥ ብለው የቆሙ ናቸው፤ አንድ፣ አንድ። ሦስተኛው አንገቱን የደፋ ነው። ከቁርአኑ አንቀጾች መጨረሻ፣ ከትንንሾቹ ክብ አበቦች ውስጥ አውቀዋለሁ። አምስት ክብ እንቁላል ነው፤ ስድስት አንገቱን የደፋ፤ ሰባት ሁለት እጁን ለዱዓ የዘረጋ፤ ስምንት የቤት ጣሪያ።

«አንድ፣ አንድ፣ ስድስት» አልኩ።

አባቴ ቀለበቷን ተቀበለኝ። በዚያች ቀን ዓይኑን አልጨፈነም፤ ገልጦ፣ ብዙ አያት። ከዚያ ወደ ጆሮው አስጠግቶ አዞራት። ዝገቱ ጮኸ።

«ትክክል ነው» አለ።

በስልኩም ደጋግሞ ነገረው። አንድ፣ አንድ፣ ስድስት፤ ጎማ ክዳን ያለው፤ አራት። እናቴ ከሣጥኑ ውጭ በመስታወቱ ታየናለች። አባቴ አውራ ጣቱን ሲያሳያት ሻርፕዋን ወደ ፊቷ ሳብ አደረገች። ቀንታ ነው አልኩ።

ከአራቱ የዛጉ ቀለበቶች አንዷን አባቴ በክር አድርጎ አንገቴ ላይ አሰረልኝ፤ የአንባቢ ሽልማት ነው ብሎ።

ይህን የምጽፈው በእርሳስ ነው፤ ስሳሳት እንዲጠፋ። አሁን ሠላሳ ሦስት ዓመቴ ነው። ያን ቀን አባቴ ቀለበቷን ያን ያህል ለምን እንዳያት እስከ አምና አልገባኝም ነበር። ብር በቀለሙ፣ ሰዓት በዘንጉ አቅጣጫ የሚለይ ሰው ነበር። ከቁርአን ቤት የወጣ የኔው ዓይነት ሊቅ።

ቀለበቶቹ የመጡት መስከረም ከገባ በኋላ ነው፤ አንድ መንገደኛ በካልሲ ቋጥሮ አመጣቸው። ጎማ ክዳናቸው ጥቁር፣ ጠርዛቸው የሚያበራ። አባቴ አንዷን ጎማዋ መሃል አስቀመጣት፤ ሰተት ብላ ገባች። ከዚያ ጎማውን ዘንጉ ላይ ሊሰካ ሞከረ። አልገባም። አውጥቶ አየ። እንደገና ሞከረ።

ወደ አንገቴ ጎንበስ ብሎ የዛገችውን ቀለበት ከነክሯ አወለቀና ዘንጉ ላይ ሰካት። ሰተት ብላ ገባች። አዲሷን ሰካ፤ አልገባችም። የእኔን ሰካ፤ ገባች። ሁለቱን በሁለት መዳፉ ይዞ ብዙ ተቀመጠ። ዝንብ ግንባሩ ላይ አርፋ እንኳ አላባረራትም።

«ምን ሆኖ ነው አባዬ?»

ክሩን አንገቴ ላይ መለሰልኝ።

«ዘንጉ ወፍሯል» አለኝ።

ለምን ይወፍራል አላልኩም። የቤታችን በርም በክረምት ይወፍርና አልዘጋ ይላል። ማኪናዋም ክረምቱን ጠጥታ ወፍራ ነው።

ከሰዓት በኋላ ከመጋረጃው ወዲህ ሆኜ ሲነጋገሩ ሰማኋቸው።

«ልክ አይደለም እኮ» አለች እናቴ።

«አውቃለሁ።»

«እንግዲያ ንገራት።»

«ምን ብዬ ልንገራት? እኔም አይቼዋለሁ፣ ለይላ። እኔም አይቼ ነው ትክክል ነው ያልኩት።»

«ምዝገባው እስከ ሐሙስ ነው።»

የስፌት መኪናዋ ጎማ በባዶው ሲዞር ይሰማኛል፤ እናቴ ስትናደድ በእጇ ታዞረዋለች።

«እስከ ሐሙስ ልክ አደርገዋለሁ» አለ አባቴ።

ልክ። ስለ ዘንጉ የሚያወሩ መስሎኝ ተጋደምኩ። አባቴ እስከ ሐሙስ ያደርገዋል፤ አባቴ ያለውን ያደርጋል። እንቅልፍ ሲወስደኝ ማኪናዋ የወፈረ ሆዷን ይዛ በቅዳሜ ገበያ ስትሄድ፣ ሰዎችም እርጉዝ ናት ብለው መንገድ ሲለቁላት አየሁ።

አባቴ ሦስት ቀን ሲሞርድ ከረመ። የማኪናዋን ዘንጎች ጉማጅ እንጨት ላይ አስሮ፣ ጥቂት ይሞርድና ይለካል፤ ጥቂት ይሞርድና ይለካል። በመጨረሻ በብርጭቆ ወረቀት አሻቸው። የብረቱ ብናኝ ጉልበቱ ላይ እንደ ብር ዱቄት ተኝቷል። እኔ በጣቴ እየነካሁ ግንባሬን እቀባለሁ። እንደዚያ ደስ ብሎኝ አያውቅም።

ሐሙስ ማኪናዋ ሄደች። ጎማ ክዳኑ ትንሽ አክብዷት ነበር፤ ግን ዝም ብላ ሄደች።

«እማዬ፣ ልክ ሆነ» አልኳት።

«አዎ» አለች እናቴ፤ አባቴን እንጂ እኔን አላየችም። «ዘንጉ ልክ ሆኗል።»

በውርርዱ ስለተረታች ከፍቷት ነው ብዬ አብሬያት ተቀመጥኩና የክር ጫፍ አቀበልኳት። ፀጉሬን ዳበሰችኝ። ስለ ትምህርት ቤቱም እንደተናገረችው ሁለተኛ አፏን አልከፈተችም። በዓመቱ ኢምራን ተመዘገበ። አሁን አይከል ከተማ መምህር ነው።

ከዚያ ሐሙስ በኋላ የማኪናዋን ጎማ ከአባቴ በቀር ማንም አይነካም ተባለ። በየቅዳሜው፣ ገበያው ሲበተን፣ አንዱን ጎማ ይፈታና ጀርባውን ሰጥቶኝ ያጥባል። «ተዪው፤ እኔ አጥበዋለሁ» ይላል ልጠጋ ስል። ያን ያህል መታጠብ አያስፈልገውም ነበር፤ ጎማ ክዳን ያለው ኩሽኔታ ላዩን ጠርገው ነው የሚተዉት፤ ይህን ያስተማረኝም እሱ ነው። አያ ዳኛው አብሮት ይቀመጣል። ሁለቱም አጎንብሰው፣ አያ ዳኛው በሚስማር አንድ ነገር እየጫረ፣ በለሆሳስ ያወራሉ። ጆሮዬ የኩሽኔታ ጆሮ ነውና ሰማኋቸው።

«ይቺ እርጉዟ ናት» ይላል አያ ዳኛው።

«እርጉዟ ገባችኝ። ጉብጧስ?»

«ጉብጧ ሌላ ናት፤ ከፊት ናት። ሁለት ሆድ ያላትን አሳየኝ እስቲ።»

«ይቺ።»

«ሸጋ። ይቺስ?»

«አንገቷን የደፋችው።»

«እሷን እንዳትስት። እሷ ናት የጣለችህ።»

«ምነው ታስታውሰኛለህ፣ አያ ዳኛው?»

«እንዳትስታት ነዋ። ባዶዋ ደግሞ የመጨረሻዋ ናት።»

በቅሎ ሊገዛ ነው። ሌላ ምን ሊሆን ይችላል? አያ ዳኛው በቅሎዎች አሉት፤ አንዷ እርጉዝ፣ አንዷ ጎባጣ፣ አንዷ አንገቷን ደፍታ የምትሄድ፤ እሷ አባቴን ጥላዋለች፤ የመጨረሻዋ ደግሞ መካን። በቅሎ እንደማትወልድ እንኳ አላውቅም ነበር። ለኢምራን ነገርኩት። አንገቷን የደፋችውን እኔ መረጥኩ፤ ብትጥለኝም። ከእንጨት አጥሩ ጎን ሣር አጭደን ከመርንላት። ሣሩ ደረቀ፤ በቅሎዋ አልመጣችም። ዓመት ሙሉ የበር ድምፅ ስሰማ እሷ ትመስለኝ ነበር።

ብዙ ዓመት አለፈ። በአሥራ ሰባት ዓመቴ ተዳርኩ። ሰልማ የምትባል ልጅ አለችኝ፤ ዘጠኝ ዓመቷ ነው፤ ሦስተኛ ክፍል። ሰልማ ስታስል የሚሰጣትን የሽሮፕ ጠርሙስ ይዤ ጎረቤት እሄዳለሁ፤ ስንት እንደሚሰጥ አስነብቤ ስመለስ መንገድ ላይ እጠራጠርና እንደገና እሄዳለሁ። አምና አንድ ቀን ጎረቤቴ አልነበረችም። ራሴ አነበብኩት፤ ስድስት አልኩና ሰጠኋት። ማታውን ሙሉ ደረቷ ላይ ጆሮዬን ለጥፌ፣ አባቴ ኩሽኔታ እንደሚሰማው፣ ትንፋሿን ሰማሁ። ምንም አልሆነችም። እኔ ግን ጠዋት ሄጄ ለጎልማሶች ትምህርት ተመዘገብኩ።

ለሰልማ አልነገርኳትም። እድር አለብኝ ብዬ እወጣለሁ። ደብተሬን የማስቀምጠው የዱቄት ዕቃው ሥር ነው።

መምህሯ ምስጢር ትባላለች፤ ልጄ ልትሆን ትንሽ የሚቀራት። በአራተኛው ሳምንት ሰሌዳው ላይ 7 ጻፈችና ጠቆመችኝ።

«ስድስት» አልኩ።

«ሰባት ነው፣ እትዬ ፈህሚያ።»

«ስድስት ነው፣ ልጄ። ቁርአን ላይም ስድስት ነው።»

ከኋላዬ የተቀመጡት ሳቁ። ምስጢር አልሳቀችም።

«ልክ ነሽ፤ በዓረብኛው ስድስት ነው» አለች። «እዚህ ግን ሰባት ነው። መልካቸው አንድ ነው፤ ቤታቸው ይለያያል።»

ክፍሉ ሳይበተን ወጣሁ። ቤት ገብቼ ከሣጥኔ ውስጥ ያቺን የዛገች ቀለበት ፈለግኩ፤ ክሯ አልቋል፤ እሷ አለች። መስኮቱ ጋ ወሰድኳት። አንድ፣ አንድ፣ አንገቷን የደፋችው። 117።

አልጋው ላይ ተቀመጥኩ። የወፈረው ዘንግ አልነበረም። የጠበበችው እኔ በስሕተት ያስመጣኋት ቀለበት ናት። ሦስት ቀን ሙሉ አባቴ ብረቱን የሞረደው ስሕተቴን ልክ እስኪሆን ነው።

በማግስቱ ሰልማን ይዤ ወደ ፀዳ ሄድኩ። እናቴ ወደ አኼራ ከሄደች ወዲህ አባቴ እዚያ ትንሽ ቤት ውስጥ ነው የሚኖረው። ደጅ ላይ ፀሐይ እየሞቀ አገኘነው። ማኪናዋ በጨርቅ ተጠቅልላ መደርደሪያ ላይ አለች። ሰልማ ስታያት ካልሄደች አልሄድም አለች። ባትሪ ገዛን። ገፋ ገፋ ብላ እንደ ታማሚ አቃሰተች።

«ኩሽኔታዋ ነው» አለ አባቴ። «አምጪው፤ እኔ አጥበዋለሁ።»

ካቻቢቴውን ያዘ። ብሎኑ ላይ ሊያሳርፈው አልቻለም። ሁለት ጊዜ ሞከረ።

«ስጠኝ፣ አባዬ።»

ሰጠኝ። ፊቱን ወደ መንገዱ አዞረ።

የመጀመሪያውን ጎማ ሳወጣ ውስጡ በአሮጌ ዘይትና አቧራ ጠቁሯል። በነጭ ጋዝ ጨርቅ ነክሬ ጠረግኩት። ከጥቁሩ ሥር ጭረት ወጣ። ቧጨራ መስሎኝ ነበር። ይበልጥ ጠረግኩት። ላይኛው መስመር የቁርአን ቤት ቁጥሮች ናቸው፤ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት። ከየአንዳንዳቸው ሥር ትምህርት ቤት የተማርኳቸው፤ 1፣ 2፣ 3። በሚስማር፣ በሚንገዳገድ እጅ። ሁለተኛውን ጎማ ፈታሁ። 4፣ 5፣ 6፤ ስድስቷ ሆዷ ገፍቶ። ሦስተኛው ጎማ ላይ ሁለት ሆድ ያላት 8 እና 9 ነበሩ፤ ከፊታቸው ግን አንገቷን የደፋችው ብቻዋን ሰባት ጊዜ ተጽፋ፣ ላስቲኩ ሊበሳ ምንም አልቀረው። አራተኛው ላይ ባዶዋ። ከባዶዋ ሥር 117።

ሣር ያጨድኩላት በቅሎ እዚህ ነበረች።

«ካጠብሽው አይተሻል» አለ አባቴ፤ አሁንም መንገዱን እያየ።

«አይቻለሁ።»

«ዳኛው ነው ያስተማረኝ። በደርግ ጊዜ መሠረተ ትምህርት ተምሮ ነበር።»

«ምነው ለእኔ አልነገርከኝም? እዚያው ጣሳው ላይ ነበርኩ እኮ።»

ጉልበቱን በመዳፉ አሸው።

«ሐሙስ አለፈ» አለ። «ሲያልፍ፣ ራሴ ልወቅና በሚመጣው ዓመት እነግራታለሁ አልኩ። በሚመጣው ዓመት ደግሞ፣ አባቴ አያውቅም ነበር ትላለች አልኩ። እናትሽ በየመስከረሙ ታየኛለች፤ አትናገርም። ማኪናዋ ከሄደች በኋላ እንደተረታች ቆጥራ ቃሏን ጠበቀች። ከዚያ ተዳርሽ።»

ልቆጣው ፈልጌ ነበር። የዱቄት ዕቃው ሥር ያለው ደብተሬ ትዝ አለኝ። ሰልማ ከአጠገቤ ቁጢጥ ብላ ጎማውን እያየች፣ «እማዬ፣ ይህን ማን ጻፈው?» ትለኛለች፤ እኔም ለእሷ ገና እድር ላይ ነው ያለሁት።

አዲስ ኩሽኔታ ያስፈልግ ነበር። ለኢምራን ደወልኩለት፤ በሚቀጥለው ሳምንት አዲስ አበባ ይወርዳል። ስልኩን ድምፁ ለሁሉ እንዲሰማ አድርጌ ድንጋዩ ላይ አስቀመጥኩት።

«ያቺ ማኪና አሁንም አለች?» ብሎ ሳቀ። «ቁጥሩን ንገሪኛ፣ እህቴ።»

ዘንጉ ተሞርዷልና አሁን የሚስማማው ያኔ በስሕተት ያዘዝነው ነው። ከጎማው ያወጣኋትን ቀለበት ወደ ፀሐዩ አዞርኳት። አንድ። አንድ። እርጉዟ።

«አንድ፣ አንድ፣ ስድስት» አልኩ።

አባቴ ዞሮ አየኝ።

«እርግጠኛ ነሽ?» አለኝ።

በቴሌው ሣጥን ውስጥ አንድ ሰው ቢጠይቀኝ ብዬ የምመኘው ይህን ነበር። ኢምራን በስልኩ ውስጥ ይጠብቃል። ሰልማ ትጠብቃለች።

«አይደለሁም» አልኩ፤ ቀለበቷንም ለሰልማ ዘረጋሁላት። «እስቲ አንቺ እይልኝ። እኔ ገና እየተማርኩ ነው።»

ሰልማ መጀመሪያ እኔን አየችኝ። ከዚያ ቀለበቷን ተቀብላ ወደ ዓይኗ አስጠጋቻት፤ አባቴም ከወንበሩ ላይ ወደ እሷ ጎንበስ አለ፤ ዓይኑን ሳይጨፍን።

«አንድ መቶ አሥራ ስድስት» አለች። «ልክ ነሽ፣ እማዬ።»